የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ውስጥ ግጥምና ሎሚ ጎን ለጎን ይሸጡ ነበር። ግጥሙን በእጅ በምትዞር ማሽን የሚያትሙት አቶ ሰይፉ ነበሩ፤ በአንድ ወረቀት አንድ ግጥም። በታኅሣሥ ለቁልቢ ተጓዦች መዝሙር፣ በጥር ለሙሽሮች ዘፈን፣ በቀረው ወር ደግሞ ከተማው ያወራውን ሁሉ። ሰው ገዝቶ ያነበዋል፣ ይዘፍነዋል፣ ሲሰለቸው በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። አቶ ሰይፉ ራሳቸው «ነገ ሌላ አትማለሁ» እያሉ አንድ ቅጂ እንኳ አላስቀሩም። ጸጸቱ የመጣው ካረጁ በኋላ ነው።

ደግነቱ ሦስት የአንድ እናት ልጆች፣ ጎረቤቶቻቸው፣ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመሩ። ታላቁ ምትኩ እጁ የረጋ ሰው ነው፤ ከተለጠፈበት ግድግዳ ላይ ወረቀት ሳይቀደድ ያነሣል። አስካለ መዝጋቢ ናት፤ የግጥሙን መነሻ፣ የቀለሙን ዓይነት፣ የተገኘበትን ቤትና ያገኘውን ሰው ስም በየዓምዱ ትጽፋለች። ታናሹ ግዛቸው ደግሞ አንዴ የሰማው ዘፈን ከጆሮው አይወጣም። እንዲህ ሆነው ሁለት መቶ አሥራ አንድ ወረቀት ሰበሰቡ። የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ግን ባዶ ነበር።

ያ መስመር የተተወው አቶ ሰይፉ መጀመሪያ ላተሙት ግጥም ነው። ያኔ ወይዘሮ በላይነሽን ወደው፣ ፊት ለፊት መናገር ቢያፍሩ ጊዜ፣ ጥያቄያቸውን አትመው እንደ ሌላው ግጥም ገበያ አወጡት። ከተማው ዘፈነው፣ እሳቸውም ሰሙ፣ ተጋቡ። ከዚያ ወረቀቱ ጠፋ፤ ቃሉንም ሁለቱም ረሱት። ሃምሳኛው የጋብቻቸው በዓል ሲቃረብ ባለቤታቸው ነገር ጀመሩ።

«የጠየቅኸኝበትን ግጥም የረሳህ ሰው፣ ለበዓሉ ካላመጣኸው እንደገና ሽማግሌ ትልካለህ።»

ቀልድ ይመስላል፤ አቶ ሰይፉ ግን እንቅልፍ አጡ። ሦስቱን ጠርተው «ይቺን ማሽን ለቆራሌው አልሰጣትም። በዚያ ግጥም መስመር ላይ ‹ያገኘው› በሚለው ዓምድ ስሙ የተጻፈው ሰው ይውሰዳት» አሉ። ሦስቱም ማሽኗን ለየራሳቸው ተመኟት። ምትኩ ዳግመኛ ሊያትምባት፣ አስካለ ከስብስቡ ጎን አቁማ ለሕዝብ ልታሳያት፣ ግዛቸው የራሱን ዘፈኖች ሊያወጣባት።

አስካለ ከመዝገቧ አልተነሣችም። በመጀመሪያው ዓመት አቶ ሰይፉ የነበራቸው ቀይ ቀለም ብቻ ነው። በቀይ የታተሙትን ሁሉ ስታያቸው የተገኙት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካሉት ተያያዥ ቤቶች ነው፤ ቤቶቹ በዚያ ዓመት ስለተሠሩ ግድግዳቸው ወረቀት ይፈልግ ነበር። ከእነዚያ ያልተጎበኘ አንድ ብቻ ቀረ፣ የእማማ ጥሩወርቅ ቤት። «እዚያ ከሌለ የትም የለም» አለች።

ምትኩ ሄደ። እማማ ጥሩወርቅ ግን ግድግዳውን በጋዜጣ የለጠፉት ሟች ባላቸው ስለሆኑ አላስነካም አሉ። ምትኩ አልተጨቃጨቀም። ቁጭ ብሎ ስለ ባላቸው ሲያወሩ ግማሽ ቀን አዳመጠ፣ ከዚያ «የማነሣትን እያንዳንዷን ጋዜጣ መልሼ በቦታዋ እለጥፋለሁ» ብሎ ማለ። ሦስት ቀን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እያራሰ ስድስት ድርብ ጋዜጣ አነሣ። ሰባተኛው በቀይ የታተመው ግጥም ሆኖ ወጣ፤ ግን ታችኛውን ግማሽ ምስጥ በልቶታል። የተረፈው እንዲህ ይላል፦

«ልነግርሽ መጥቼ አፌ ሲተሳሰር፣
ወረቀቴን ላክሁት፣ እሱው ይመስክር።»

ለበዓሉ አንድ ቀን ቀረ። ግዛቸው ወረቀቱን አንብቦ በቀጥታ ወደ ገበያ ሄደ። በዚያን ጊዜ ከግጥሙ ጎን ይሸጡ የነበሩ ሦስት አሮጊት ሎሚ ሻጮች ዛሬም አሉ። መሐላቸው ተቀምጦ የተረፈውን የላይኛውን ግማሽ በየዜማው ዓይነት ሲሞክር ዋለ። አመሻሽ ላይ አንዱ ዜማ ትዝ አላቸውና ሦስቱም ሳያስቡት የጠፋውን የታችኛውን ግማሽ ተቀበሉት። እሱም አንድ ቃል ሳይጥል ይዞ ተመለሰ።

በበዓሉ ቀን ቤቱ ሞላ። ምትኩ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ግዛቸው ዘፈነ። መጨረሻው ላይ ደረሰ፦

«እሺ ካልሽኝማ ማተሚያው ይረፍ፣
ከእንግዲህ ለጆሮሽ በአፌ ልለፍልፍ።»

አቶ ሰይፉ እጃቸውን አነሡ። «ይህን ስንኝ እኔ አልጻፍኩትም። ማሽኔ ይረፍ የምል ሰው ነኝ? ገበያው ነው የጨመረው።»

ወይዘሮ በላይነሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ እየሳቁ ነበር። «አሁን ስሰማው ትዝ አለኝ፤ እኔ ግን ያገባሁህ ለዚህ ስንኝ ነው። ሃምሳ ዓመት ስትለፈልፍብኝ ዝም ያልኩህም ለዚሁ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ ሰይፉ ደስታው አሸንፏቸው ወደ አስካለ ዞሩ። «በይ ጻፊ። ያገኘው ማነው?»

«ወረቀቱ ከግድግዳው የወጣው በእጄ ነው» አለ ምትኩ።

«የትኛውን ግድግዳ እንደምትነካ ማን ነገረህ?» አለች አስካለ።

«ሁለታችሁ ያመጣችሁት ግማሹን ነው» አለ ግዛቸው፣ «ወይዘሮ በላይነሽ ያገቡበትን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«እሱማ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ጋሼ ሰይፉም አልጻፍኩትም ብለዋል» አለ ምትኩ።

እስክሪብቶው በአስካለ እጅ ነበር። የራሷን ስም ብትጽፍ ማን ይከለክላታል? እሷ ግን መዝገቡን ከነእስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከእንግዶቹ መሐል ገባች። ዓምዱ ጠባብ ነው፤ ከአንድ ስም በላይ አይይዝም። ማሽኗም ለሦስት አትከፈልም።

መዝገቡ እንደተከፈተ ነው። ምትኩ፣ አስካለ ወይስ ግዛቸው? እናንተ ብትሆኑ የማንን ስም ትጽፉ ነበር?