እስከ መሐሉ የተተረተረው ብርድ ልብስ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፣ እሸቴ፤ አባቴን ከአጎቴ ቤት አሁኑኑ ላምጣ ወይስ የምሠራው ቤት አምሮ እስኪያልቅ ልጠብቅ ነው ያልከኝ። መልሱን ከዚህ ሰው ታገኘዋለህ። ታሪኩ ግን ደስ አይልም፤ ከወዲሁ ልንገርህ።

ሰውየው ውርጭ በሚበዛበት ደጋ የሚኖር ገበሬ ነበረ። በጎቹን ሸልቶ፣ ጠጉሩን ፈትሎ፣ በመርፌ የሱፍ ቆብ ይሠራል። በዚያ አገር የእሱን ቆብ ያላደረገ ሽማግሌ አይገኝም። አንድ ዓመት አሮጊት እናቱ ታመመች። እሳት ዳር ተቀምጣ እንኳ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ጋቢ ቢደራርቡላትም አልሞቃት አለ። ሰዎች ሸማኔ ዘንድ ሄዶ ወፍራም ነገር እንዲያሠራላት መከሩት። እሱ ግን ለእናቴ የሌላ ሰው እጅ አይገባም አለና፣ ከገዛ በጎቹ ጠጉር ብርድ ልብስ እንደሚሠራላት ነገራት። ደስ አላት።

ችግሩ ብርድ ልብስ ሠርቶ አለማወቁ ነው። የሚያውቀው ቆብ ብቻ ነው። ቆብ ደግሞ ከአናቱ ይጀመራል፤ ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ ይሰፋል፣ የራስ ስፋት ሲደርስ ማስፋቱ ይቆምና ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ብርድ ልብሱንም እንደዚያው ከመሐል ጀመረው። እጁ ግን ልማዱን አልተወም፤ የራስ ስፋት ላይ ሲደርስ ሳይታወቀው ማስፋቱን ተወ። ቀና አድርጎ ሲያየው የሠራው ነገር ቀፎ ሆኗል። እናቱ አይታው «ይህን የሚሞላ ረጅም ራስ ያለው ሰው ከየት ይመጣል?» ብላ ሳቀችበት። እሱ አልሳቀም። ተረተረው።

እንደገና ሲጀምር በየዙሩ አብዝቶ አሰፋውና ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማደደ። ይህንንም ተረተረው። እየሠራ ሲማር፣ እየተማረ ሲተረትር ክረምቱ አለፈ። በመጨረሻ ነገሩ ገባው፤ ለካ ማስፋት ያለበት በየዙሩ ሳይሆን እየዘለለ ነው። አሁን መሬት ላይ ሲዘረጋው ልጥፍ አለለት። እያደገ ሄዶም ከእናቱ ትከሻ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ሆነ።

ጥቅምት ገባ፣ ውርጩም ጀመረ። እናቱ «ልጄ፣ ይበቃኛል። እግሬን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ፤ ደረቴን በዚህ ሸፍንልኝ» አለችው። አለበሳት። ጥቂት ቆይታ መንቀጥቀጧን ተወች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ወሰዳት። እሱ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኔም የምነግርህ ነገር አይኖረኝም ነበር።

አላቆመም። አጠገቧ ተቀምጦ የእጁን ሥራ ይመረምር ጀመር። መሐሉ ላይ፣ አሠራሩ ገና ሳይገባው የሠራው ቦታ ላይ፣ ክሩ ላልቶ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረ። ዙሪያው አምሯል፣ መሐሉ ተበላሽቷል። ነገ ጎረቤቶች ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ ቀዳዳው ደግሞ ልክ ደረቷ ላይ ነው። የዚያ የተመሰገነው ቆብ ሠሪ ሥራ ይህ ነው ወይ ሊሉት ነው። አፈረ። ስትነቃ ቀስ ብሎ ከላይዋ ገፈፈው።

«ተወው ልጄ፤ ቀዳዳውን እኔ አላየሁትም» አለችው።

«እኔ ግን አይቼዋለሁ» አላት።

ከመሐል የተጀመረ ነገር መሐሉን ለማደስ ሁሉንም ማፍረስ ግድ ነው። የክሩን ጫፍ ይዞ ሳበው። ዙር በዙር እየፈረሰ እስከ መሐሉ ሄደ። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ ሠራ፤ አሁን አሠራሩን ያውቃላ። ግን ሥራው ገና የቆብ ያህል ሳለ አንድ ጠዋት እናቱ በጋቢዋ ውስጥ ተኮራምታ፣ ሞታ ተገኘች። ገንዘው ቀበሯት። እሱ ሐዘን ተቀምጦም መርፌውን አላስቀመጠም። ጨረሰው። ሰፊ፣ ከባድ፣ እንከን የማይወጣለት ብርድ ልብስ ሆነ፤ ለቅሶ የደረሰው ሁሉ እየዳሰሰ አደነቀለት። ሰውየው ግን አልለበሰውም፤ ለሌላም መስጠት አልሆነለትም። ብል በላው።

እሸቴ፣ ያ ሰው አንተ ነህ፤ ብርድ ልብሱም ቤትህ ነው። ቤት መሥራት የተማርከው ይህንኑ ቤት እየሠራህ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያቆምከው ግድግዳ ጠማማ ነው፣ ሌላ ሊሆንም አይችልም። አምና አፈረስከው። ዘንድሮ ደግሞ በሩ ጠበበ ብለህ ልታፈርሰው ታስባለህ። ለአባቴ ብዬ ነው ትላለህ። አይደለም፤ እንግዳ መጥቶ ግድግዳህን እንዳይነቅፍብህ ነው። ሳልቆጣ ልነግርህ አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም።

ባለፈው እሑድ አባትህን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ስለ አንተ ስጠይቃቸው «ልጄ ቤት እየሠራልኝ ነው» አሉኝ። አምናም ይህንኑ ብለውኝ ነበር። የዘንድሮውን ግን ለመስማት ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ወደ አፋቸው ማስጠጋት ነበረብኝ።