የሴሚሲ ሹመት

አንድ ቀን፣ አሰልጣኙ ጥሎት የሄደ አንድ የአዲስ አበባ ራግቢ ክለብ ምን እናድርግ ብሎ ስብሰባ ተቀመጠ። ራግቢ ያቺን ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ የሚሮጥበት፣ የያዛትን ሰው ደግሞ ወገቡ ላይ ተጠምጥመው መሬት ላይ የሚዘርሩበት ጨዋታ ነው።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ሴሚሲ ይባላል። አገሩ ቶንጋ ነው፤ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ያለች የደሴቶች አገር። ለብሔራዊ ቡድኗ ዘጠኝ ዓመት ተሰልፏል። ከዚያ ፈረንሳይ ሄዶ ሲጫወት አንዲት የጉለሌ ልጅ አገባና እሷን ተከትሎ መጣ። አማርኛ ያስተማሩት አማቱ ስለሆኑ አንቱታ ላይ አይሳሳትም።

የክለቡ ሊቀመንበር ጋሽ ዘውገ ራግቢ ተጫውተው አያውቁም፤ የማያውቁት ነገር ግን የለም። በየጨዋታው «ግቡ ወደፊት ነው፤ እናንተ ኳሱን ወደኋላ የምታቀብሉት ምን ነክቷችሁ ነው?» እያሉ ይቆጣሉ። ወደፊት ማቀበል ክልክል መሆኑን የነገራቸው ሁሉ ተሰድቧል።

ሴሚሲ እያነከሰ ተነሣ።

«ጋሽ ዘውገ፣ ሐኪሙ በዚህ ጉልበት ከእንግዲህ አትሮጥም ብሎኛል። ከጨዋታው መለየት ግን አልሆንልህ አለኝ። እባክዎ አሰልጣኝ ልሁን።»

«አንተ? ማሰልጠን እኮ እንደ መጫወት አይደለም። ጭንቅላት ይፈልጋል።»

«የኔ ጭንቅላት ሃያ ዓመት ተመትቷል ጋሼ። ልምድ አለው።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ዘውገ ግን አልሳቁም፤ ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት።

«ስማ! አርጅተሃል። ጉልበትህም አልቋል። በቃህ!»

ሴሚሲ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም። ቃለ ጉባኤ ወደምትይዘው ወደ ዓይናለም ዞረ።

«እህቴ፣ አንድም ቃል ሳትጨምሪ፣ አንድም ሳታጎድይ ጻፊልኝ። ‹ሴሚሲ አሰልጣኝ ልሁን ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩም በቃህ አሉት።›»

ዓይናለም ጻፈች። ጋሽ ዘውገ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ያላሉት ቃል ቢያጡበት ፈረሙ።