ከኮሶው ላይ የወረደው በርኖስ

በመጀመሪያ ስለ አጻጻፌ ይቅርታ አድርጉልኝ። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ነው የጨረስኩት፤ የሁለቱን "ሰ" እና የሦስቱን "ሀ" ቦታ እስካሁን በደንብ አልለየሁም። የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ አርማችሁ አንብቡት። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለማልችል ነው የጻፍኩት። ታሪኩ ረጅም አይደለም። አስባችሁበት ለሌላ ሰው ብታስተላልፉት ደስ ይለኛል።

አንድ አዳኝ ነበር። ቤቱ ውርጭ በሚወርድበት በደጋው ጫፍ ላይ ነበር፤ የሚያድነው ግን ታች ቆላው ውስጥ ነው። ጠዋት ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ ይነሳል፣ እኩለ ቀን ላይ ድንጋይ የሚያቃጥል ሙቀት ውስጥ ይደርሳል፣ ማታ ደግሞ ተመልሶ ወደ ብርዱ ይወጣል። በአንድ ቀን ሁለት ወቅት ያልፍ ነበር ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ልብስ ደርቦ መልበስን እንደ አንድ ሙያ ተምሮት ነበር። ከውስጥ እጀ ጠባብ፣ በላዩ ጋቢ፣ ከሁሉ በላይ ከበግ ፀጉር የተሠራ ጥቁር በርኖስ። በጥቅምትና በኅዳር ሦስቱንም ለብሶ ይነሳል። በግንቦት በርኖሱን ቤት ይተወዋል። የሚያስቸግረው በልግ ነው። በበልግ ጠዋት ፀሐይ ትስቃለች፣ ከሰዓት በረዶ ይወርዳል። ሦስቱም ያስፈልጋሉ፤ ሦስቱንም ለብሶ ቆላ የወረደ ሰው ግን በላብ ይርሳል።

"ላብ የጠጣ ልብስ ማታ ጠላት ነው" ይላት ነበር ልጁን። "ሳይበርድሽ ልበሺ፣ ሳያልብሽ አውልቂ። በርዶሽ ከለበስሽ ዘግይተሻል።"

አዳኙ አንድ ባልንጀራ ነበረው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ነው የሚያድኑት። ባልንጀራው ቀልደኛ ነበር። አዳኙ ልብሱን ሲደራርብ ባየ ቁጥር፣

"አንተ ሰውዬ፣ እንደ ሽንኩርት ተልጠህ ተልጠህ አታልቅም እኮ!" ይለዋል።

"አንተ ደግሞ እንደ ድንች በአንድ ልጣጭ ኑር" ይለዋል አዳኙ። "በረዶ ሲመጣ እንገናኛለን።"

እንዲህ ይባባሉ እንጂ የሁለቱም አለባበስ አንድ ዓይነት ነበር። ከቤታቸው ወረድ ብሎ፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ፣ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ አለ። እዚያ ሲደርሱ ሙቀቱ ይጀምራል። በርኖሳቸውን አውልቀው ኮሶው ላይ ይሰቅላሉ፣ ከዚያ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይወርዳል። ታች ሲደርሱ ጋቢያቸውን ደግሞ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ይተዋሉ። ሲመለሱ የተዉትን እያነሱ፣ ብርዱ እየጨመረ ሲሄድ እነሱም እየደረቡ ይወጣሉ።

በዚያ አገር አዳኝ የሰቀለውን ልብስ ማንም አይነካም። ሌባ እንኳ አይነካውም። ምክንያቱም የተሰቀለው ልብስ ይናገራል። ቀድሞ ኮሶው ጋ የደረሰ ሰው የባልንጀራውን በርኖስ ተሰቅሎ ካየው፣ ባለቤቱ ገና ታች ነው ማለት ነው። ትቶት አይሄድም። ይጠብቀዋል፣ ከቆየም ወርዶ ይፈልገዋል። በርኖሱ ከሌለ ግን ባለቤቱ ወስዶት ወደ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው።

አንድ የበልግ ቀን ሁለቱ ከርከሮ ሊያድኑ ወረዱ። ከርከሮው የቆላውን ማሽላ እየገለበጠ አስቸግሮ ነበር። የአዳኙ ሚስት ለቅሶ ለመድረስ ሌላ አገር ሄዳለች። ቤት የቀረችው ልጅቱ ብቻ ነበረች።

ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ልጅቱ መቀመጥ አቃታት። ትወጣለች፣ ሰማዩን ታያለች፣ ትገባለች። እሳቱን ትቆሰቁሳለች፣ መልሳ ትወጣለች። "አሁን ይጥላል" ትላለች። "አሁን በርኖሱ ይርሳል። አባዬ ደክሞት ሲመጣ የራሰ ሱፍ ይለብሳል።" ነጠብጣቡ ሲጀምር አልቻለችም። ሮጣ ወረደች። ሁለቱ በርኖሶች ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር። የአባቷን አወረደች፣ የሌላውን ተወችው። አዳኝ የሰቀለው እንደማይነካ ታውቃለች፤ ግን እኔ ልጁ ነኝ፣ ባዕድ አይደለሁም አለች። ዝናቡ እንዳባራ ደረቁን መልሳ ልትሰቅለው ነበር ሐሳቧ። በርኖሱን ታቅፋ ቤት ገባች፣ ምድጃው አጠገብ ዘረጋችው። ትንሽ ደስም ብሏት ነበር።

ዝናቡ ግን አላባራም። በረዶ ቀላቅሎ ወረደ።

ባልንጀራው በዚያ ዝናብ ወጥቶ ኮሶው ጋ ሲደርስ የራሱ በርኖስ ብቻ ተሰቅሎ አየ። "ብልጥ! ቀደመኝ" ብሎ ሳቀ፣ ለበሰና ወደ ቤቱ ሄደ። አዳኙ ግን ታች ነበር። የራሰ ድንጋይ አዳልጦት ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ወድቋል። ብዙም አልፈራም። ባልንጀራዬ በርኖሴን ያየዋል፣ ሳልመጣ ሲቀር ይወርዳል ብሎ ጠበቀ።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ዝናቡ አቆመ። ልጅቱ በርኖሱን ይዛ ሮጠች። ኮሶው ላይ ምንም የለም። የባልንጀራው በርኖስ ሄዷል፣ አባቷም የለም። ያኔ ነው የገባት። "አባዬ!" ብላ ወደ ታች ተጣራች። በርኖሱን በነበረበት ቅርንጫፍ ላይ መልሳ ሰቀለችውና ወደ ባልንጀራው ቤት በረረች።

"ምነው ልጄ፣ ማን አባረረሽ?" አላት።

"አባዬ አልገባም።"

"ከእኔ ቀድሞ ነው እኮ የገባው። ጠላ ቤት ፈልጊው፣ ዛሬ የገደለውን ከርከሮ በሬ አሳክሎ እያወራ ይሆናል።"

"አልገባም አያ። የትም የለም።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። "በርኖሱ እኮ አልነበረም" አለ።

"በርኖሱ..." አለች ልጅቱ።

"በርኖሱ ምን?"

"ምንም።"

ጎረቤት ተጠራ፣ ችቦ ተለኮሰ፣ ልጅቱም ተከተለች። ሰዎቹ ኮሶው ጋ ሲደርሱ በርኖሱ ተሰቅሏል።

"ባዶ ነበር ያልከው ዛፍ ይሄ ነው?" አለ አንዱ። "ብርዱን ፈርቼ ትቼው መጣሁ አትልም?"

ባልንጀራው በርኖሱን ነካው። ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ በርኖሱ ደረቅ ነበር። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ የምድጃ ጭስ ይሸታል። ቀና ብሎ ልጅቱን አያት። ልጅቱ መሬት መሬት አየች።

"እንግዲህ ዓይኔ ይሆናል የተሳሳተው" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሁሉንም ቀድሞ ወረደ፣ አዳኙንም አግኝቶ በጀርባው ተሸክሞ ያወጣው እሱ ነው።

አዳኙ ተረፈ። እግሩ ግን አልተቃናም፣ ብርዱም ደረቱ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አላደነም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ባልንጀራውን ሲጠይቁት፣ "ባዶ መስሎኝ ነው" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሮት የሚያድን ሰው ጠፋ። ልጆች በመንገድ ሲያልፍ "ባዶው ዛፍ! ባዶው ዛፍ!" ይሉታል። አዳኙ በርቀት ሲያየው ፊቱን ያዞራል። "ጠላት ቢሆን አያሳዝነኝም ነበር" ይላል ለልጁ። ልጅቱ ውኃ ታቀብለዋለች።

እንግዲህ የታሪኩ ምክር ይህ ነው። ሰው ሲጨነቅ እጁ ከልቡ ይቀድማል። የምንወደውን ሰው ልንጠብቅ ብለን፣ እሱ ራሱ አስቦ ያኖረውን ነገር እናነሳለን። የተሰቀለውን ለምን እንደተሰቀለ ሳንጠይቅ ማውረድ ደግነት ይመስላል፣ ግን መንገድ ያስታል። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ያወረዱትን በድብቅ መልሶ መስቀል ነው። ዕቃው ቦታው ይመለሳል፣ የሰው ስም ግን አይመለስም። ስም የሚመለሰው በአፍ ብቻ ነው።

ባልንጀራው ለምን ዝም አለ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልጅ ናት፣ ይህን ተሸክማ መኖር አትችልም ብሎ ይመስለኛል። እሱ የተሸከመላት መስሎት ነበር። እሷም ግን አልቀለላትም። በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። ሊጠይቃት የመጣ ይመስላታል። አይመጣም። አለመምጣቱ ደግሞ ይብስባታል።

አሁን በልግ ገብቷል። ባልንጀራው ብቻውን ይወርዳል። በርኖሱን ኮሶው ላይ ብቻውን ይሰቅላል፤ አይቶት የሚጠብቀው ሰው የለም። ሰማዩ ሲጠቁር እኔ መቀመጥ ያቅተኛል። ዛሬ ጠዋትም ወርዷል፤ ዝናቡ ሳይጀምር ይህን ወረቀት መጨረስ አለብኝ። ስጨርስ መጀመሪያ የማነበው ለአባቴ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። ልጅቱ ለማንም ካልተናገረች፣ ባልንጀራውም አፉን ከዘጋ፣ ይህች ጸሐፊ በምን አወቀች?

ባልንጀራው ስም አለው። አያ ዳምጤ ይባላል። ዛፉ ባዶ ነበር፤ እውነቱን ነው። በርኖሱን ያወረድኩት እኔ ነኝ።