ታያላችሁ የተባለው ውሻ

ስለ ውሻ ከምንላቸው አባባሎች አንዷን ሕፃን ሽማግሌው ያውቃታል፤ ከየት መጣች ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ በሰማሁት፣ ምክንያቷ ይርዳው የሚባል ችኩል ሰው ነው።

ይርዳው በሚኖርበት ቆላ በቆሎ ሲያሽት ከርከሮ ማሳ ያጠፋል። ስለዚህ አዳኞች ማኅበር አላቸው። አዲስ ሰው ወደ ማኅበሩ የሚገባው ውሻው ከርከሮ አፋጥጦ ይዞ፣ ጦር የያዙት አዳኞች እስኪደርሱ ሳይሸሽ ሲጮኽ ነው። ያን ቀን የከርከሮው ጭራ ለባለውሻው ይሰጣል፤ እሱም ከአዳኞቹ ተርታ ይቀመጣል። የይርዳው አባት እዚያ ተርታ ተቀምጠው ነው ያረጁት። ልጃቸው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ ቆሞ አየ፤ ተሳቀበትም። በሦስተኛው ዓመት ቡችላ አመጣና፣ ለሚስቁበት ሁሉ መልስ እንዲሆን ስሙን «ታያላችሁ» አለው።

የአዳኞቹ አለቃ አያ ውበቴ መከሩት። «በገዛ እጅህ አብላው። አንዴ ጥራው፤ ሲመጣ አሻሸው። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።»

«የጠገበ ውሻ ይተኛል እንጂ ምን ያድናል፣ አያ?» አለ ይርዳው። ምክሩ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

ቡችላውን ቀኑን ሙሉ አስሮ ያስርበዋል። ማታ ፈትቶ «ታያላችሁ! ና! ታያላችሁ! አንተ!» እያለ አሥር ጊዜ ይጣራል፤ ውሻው እያመነታ ሲመጣ ደግሞ «ለምን ዘገየህ?» ብሎ በአርጩሜ ይቀበለዋል። ውሻ ሞኝ አይደለም፤ ሲጠሩት የሄደ እንደሚመታ ቶሎ ገባው። ከዚያ ወዲያ ስሙን በሰማ ቁጥር በአጥሩ ሾልኮ ጎረቤት፣ ጠላ ጠማቂዋ እትዬ ብርቄ ቤት ይገባል።

«አያቅብጡብኝ እትዬ፤ የአደን ውሻ ነው» አላቸው ይርዳው አንድ ቀን።

«አላቀበጥኩትም፤ ቂጣ ነው የሰጠሁት» አሉ እትዬ ብርቄ። «ደግሞስ የአደን ውሻ ሆድ የለውም?»

የአደኑ ቀን ደረሰ። ይርዳው የአባቱን ጦር ወልውሎ መጣ፤ ጫካው ጫፍ ላይ ውሻውን ለቀቀ። ታያላችሁ እንደ ተፈታ ጠፋ። ይርዳው ጉሮሮው እስኪዘጋ ተጣራ፤ አዳኞቹም ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ዋጡ። ፀሐይ ከረር ስትል ግን ከወደ መንደሩ የማያቋርጥ የውሻ ጩኸት ተሰማ።

«ይዟል!» አሉ አያ ውበቴ። ሁሉም ሮጠ፤ ይርዳው ከፊት ነበር።

እውነትም ይዟል። እትዬ ብርቄ ጓሮ፣ ዱባው መሐል፣ አንድ ትልቅ ከርከሮ ጀርባውን ለድንጋይ ካቡ ሰጥቶ ጥርሱን ያፏጫል፤ ታያላችሁ ፊት ለፊቱ ቆሞ ንቅንቅ ሳይል ይጮኻል። አዳኞቹ በጦር ወግተው ጣሉት። ይርዳው በደስታ ዕንባው መጣ፤ ውሻውን ሊያቅፍ ሮጠ።

ታያላችሁ ግን ዞሮ ጥርሱን አሳየው። ማጀቱ በር ላይ ከቆሙት ከእትዬ ብርቄ ፊት ሄዶ ተገተረና፣ ከርከሮው ላይ የጮኸውን ያህል ይርዳው ላይ ጮኸበት።

«ተው» አሉ እትዬ ብርቄ፣ አንዴ፣ በዝግታ። ውሻው ዝም ብሎ እግራቸው ሥር ተኛ።

አዳኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አያ ውበቴ የተቆረጠውን ጭራ እንደ ያዙ ይርዳውን አዩት፤ የይርዳው ዓይን ከጭራው አልተነቀለም።

«ውሻው የኔ ነው፣ አያ» አለ። «ያሰርኩበት ገመድ የኔ፣ ስሙንም ያወጣሁት እኔ። የጮኸው ለኔ አይደለም ወይ?»

አያ ውበቴ ጭራውን ለእትዬ ብርቄ ሰጡና እጃቸውን ይርዳው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ፦ «ለከርሞ ከቂጣው ጀምር፣ ልጄ፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል።»