የሻምበሉ ፎቶና ባለ ሁለት ዓይኗ ካሜራ

አንድ ሻምበል ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «ሻምበል ላቀው» እያለ ነው የሚጠራቸው። በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በወጣትነታቸው፣ ገና የመቶ አለቃ ሳሉ፣ ሙሉ የወታደር ልብስ ለብሰው ፎቶ ቤት ገብተው የተነሱት ነው። በፎቶው ላይ ረጅምና ደልዳላ፣ መድፍ ቢተኮስ ከቆሙበት የማይነቃነቁ ሰው ይመስላሉ። በአካል ግን ሻምበል አጭር ናቸው። ፎቶው የተነሳው ለእጮኛቸው ቤተሰብ እንዲላክ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች በሕይወት ሳሉ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ እሺ ያልኩት ያንን ሰውዬ ነው፤ የመጣልኝ ግን ታናሽ ወንድሙ ነው» እያሉ ቤቱን ያስቁ ነበር።

መምህርት ትርንጎ የሻምበል ጎረቤት ናት። ዕድሜዋን በሙሉ የሌላ ሰው ልጆች ስታስተምር ኖራ አሁን እሷም ጡረታ ወጥታለች። ትዳር አልያዘችም። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው ሁሉ ፈገግታዋን አይቶ ነው የተመለሰው። ወይዘሮ አስናቀች ካረፉ፣ የሻምበልም ዓይን ከደከመ ወዲህ፣ ከምሳ በኋላ አጥሩን ዞራ ትመጣና ጋዜጣ ታነብላቸዋለች። ሻምበል በየዜናው ይከራከራሉ። ጋዜጠኛውን ያገኙት ይመስል ይቆጧታል። እሷም የጻፍኩት እኔ አይደለሁም ትልና ወደሚቀጥለው ዜና ታልፋለች። ከሰዓቱ በዚህ ዓይነት ይገፋል።

አንድ ቀን ሻምበል፣ ልጃቸው እሑድ መጥታ ወደ ሐዋሳ ልትወስዳቸው እንደሆነ ነገሯት። ብቻቸውን መኖራቸው ልጅቷን እንቅልፍ ነስቷት ነበርና ከእንግዲህ እዚያው ነው የሚኖሩት። ትርንጎ ጥሩ ነው፣ ልጅ እንዲህ ስታስብ ደስ ይላል አለች። ቤቷ ገብታ ግን ወጡ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች።

ፎቶው አብሯቸው አይሄድም። የቀድሞ መኮንኖች ማኅበር በአዳራሹ ሊሰቅለው ጠይቆ ነበር። ከስሩ የሚጻፈውን ለማጣራትም ሙህዲን የሚባል ነጋዴ ላከ። ሙህዲን ሱቁን በአሮጌ ካሜራ የሞላ ሰው ነው፤ አንዱም እንዳይሸጥበት ዋጋ ቆልሎ ነው የሚናገረው ይባላል። ትርንጎ ጋዜጣ እያነበበች ሳለ መጣ። ፎቶውን ከግድግዳው አውርዶ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠና አጉሊ መነጽሩን አወጣ። ሻምበል፣ ያነሳቸው የትርንጎ አጎት አቶ ጓንጉል መሆኑን ነገሩት፤ እሷም ያደገችው በእሱ ቤት ነው። ካሜራው ሦስት እግር ላይ የሚቆም ትልቅ የእንጨት ሳጥን፣ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ የሚያይበት እንደነበር ጨመሩለት።

«እሱስ ይታያል» አለ ሙህዲን። «ከኋላዎ ደንበኛ ኮሌታውን የሚያስተካክልበት መስታወት አለ። ትልቁ ካሜራ ከነጨርቁ መስታወቱ ውስጥ ገብቷል። ግን ከጎኑ ሌላ ካሜራ አለች። ትንሽ ናት፤ አንዱ ከአንዱ በላይ የሆነ ሁለት ዓይን አላት። ያነሳችዎ እሷ ናት።»

ሻምበል ሳቁበት። ሙህዲን ግን አልለቀቀም። የትልቁ ካሜራ ፎቶ አንድ ጎኑ ይረዝማል፤ የዚህ አራቱም ጎን እኩል ነው፤ ይህ የባለ ሁለት ዓይኗ መልክ ነው አላቸው። ደግሞም እሷ ዓይን ላይ አትያዝም። ሆድ ላይ ተደግፋ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታይባት፤ ስለዚህ የቆመውን ሰው ከታች ወደ ላይ ታየዋለች። ይቅርታ ያድርጉልኝና አጭሩን ሰው ረጅም ታደርጋለች ብሎ ጨረሰ።

ሻምበል ጭናቸውን መታ አደረጉ። «ወይ ጉድ፣ አስናቀች ይህን ሳትሰማ ሄደች።»

ቀጥለው የያዛት ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሙህዲን ፊቷ አይታይም፣ አጎንብሳለች፣ የተማሪ ልብስ የለበሰች ሹሩባ የተሠራች ልጅ ናት አላቸው።

ትርንጎ ጋዜጣውን አጠፈችው፤ መልሳም ዘረጋችው።

አጎቷ ያቺን ካሜራ ከአንድ አገር ጎብኚ ገዝቶ ልትስማማው አልቻለችም ነበር። ከላይ በሚታይባት መስታወቷ ውስጥ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ይታያል፤ ደንበኛውን ወደ ቀኝ ሊያደርግ ሲፈልግ ወደ ግራ ይሄድበታል። ተራግሞ ለትርንጎ መጫወቻ ሰጣት። ትርንጎ የእንግዳ ፊት ቀና ብላ ማየት የማትችል ልጅ ነበረች። ያቺ ካሜራ ለእሷ ታስባ የተሠራች ትመስል ነበር። አጎንብሳ ስትቆም ጨዋ ልጅ ናት ይሏታል፤ በመስታወቷ ውስጥ ግን ወጣቱ መኮንን ሙሉ ቁመናው ቆሟል። የፈለገችውን ያህል አየችው። አይታም አይታም ስታበቃ ማንሻውን ተጫነችው። አጎቷ ያነሳው ፎቶ ሲታጠብ መኮንኑ ዓይኑን ጨፍኖ ተገኘ። አጎትየው አፍሮ የእሷን ሰጠ። መኮንኑ ተማሪ አነሳችው ብሎ እንዳይመልሰው አትናገሪ አላት። ፎቶው ለአስናቀች ቤተሰብ ሄደ። ትርንጎም በሠርጋቸው ላይ አጨበጨበች።

«የጓንጉል ቤት ልጅ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አሉ ሻምበል።

መብራት ይዤ ነበር አለች። ሙህዲን የያዘችው መብራት አይደለም ሊል አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ተወው። መኪናዬን ልይ ብሎ ወጣ። በእግሩ እንደመጣ ሁሉም ያውቃሉ።

ሻምበል እንደገና ጠየቋት። እኔ ነኝ አለች። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ ሲሏት አጎቴ እንዳትናገሪ ብሎኝ ነበር ብላ መለሰች። እውነት ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር፤ ግን እሑድ ቀርቧል፤ ዛሬ ካልተናገረች ሌላ ቀን የላትም።

«እሱ ከሞተ በኋላ ግን የከለከለኝ ሰው የለም» አለች። «ሻምበል፣ እኔ ያን ቀን ፎቶ ላነሳ አልነበረም የቆምኩት። አይዎት ነበር። ፊት ለፊት ማየት ስለማልደፍር በዚያች ሳጥን አጎንብሼ አየሁዎት። እስከ ዛሬም እንዳጎነበስኩ ነኝ።»

ሻምበል ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«እኔ እኮ ያን ያህል ረጅም አልነበርኩም» አሉ።

«እኔ ከቆምኩበት ረጅም ነበሩ።»

በደከመ ዓይናቸው የፎቶው ቦታ ባዶ የቀረበትን ግድግዳ አዩ። ቀጥለው ልጃቸው እሑድ ስትመጣ ምን እንደሚሏት ጠየቋት።

ትርንጎ ቀና አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንም መከለያ ዓይናቸውን እያየች መለሰች።

«እዚህ የሚፈልግዎት ሰው አለ ይበሏት።»

«ማን ነው ብትለኝስ?»

«ስሜን ያውቁታል።»

ልጅቷ እሑድ መጣች። ምሳ በላች፣ ከአባቷ ጋር ተከራከረች። ወጥታ ስትሄድ ትርንጎን ለብቻዋ ጠርታ ጭቅጭቃቸውን ትችይዋለሽ ወይ አለቻት። ትርንጎ ለምጀዋለሁ አለች። ልጅቷ ስቃ ሳመቻትና ብቻዋን ተመለሰች። ፎቶውም በአዳራሹ ተሰቀለ። ከስሩ ማን እንዳነሳው ተጽፏል፤ ትርንጎ ስሟን ለማየት እስከ ዛሬ ታፍራለች።

ፎቶ የሚያሳየን የቆመውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ያየውን ሰው ልብ ጭምር ነው። ከመካከላችን በአንድ ሰው ዓይን ከቁመቱ በላይ ያልታየ የለም። የገዛ ምስላችንን እያደነቅን ግን ማን እንዲህ አየኝ ብለን ሳንጠይቅ ዘመን ያልፋል። ሌላውን በስውር ለሚያዩትም የሚባል ነገር አለ። ፍቅርን ደብቆ መያዝ ጨዋነት ይመስላል። ትርንጎም ጨዋነት መስሏት ኖረች፤ ኋላ ራሷን ስትመረምረው አብዛኛው ፍርሃት ነበር።

እናንተስ፣ አጎንብሳችሁ የምታዩት ሰው አለ? ቀና ብላችሁ ለመንገር የምትጠብቁት ምንድን ነው?