የቦራ ሞተር ማርያም ደጅ ላይ የጠፋ ዕለት

በአንድ ወቅት፣ መኪና እንደ በቅሎ ስም ወጥቶላት በምትጠራበት ደጋ አገር፣ እትዬ ማንጠግቦሽ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ሦስት ወንድና አንዲት ሴት ወልደዋል፤ አራቱንም ሲሰድቡ ውለው ማታ ጉሮሯቸው እስኪሞላ ያበሏቸዋል። ባለቤታቸው ትተውላቸው የሞቱት አሮጌ መኪና ግንባሯ ላይ ቀለሟ ተልጦ ነጭ ስለሆነ ቦራ ትባላለች።

የመጨረሻዋ ልጅ ስለናት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልበረከቱላትም። በሦስተኛው፣ ባሏ ለሰሊጥ አረም መተማ እንደወረደ ምጥ መጣ። በስልክ ሲነግሩት አለቀሰና፣ "እኔ አባት ተብዬው አጠገቧ የለሁም። ከወንድሞቿ ሐኪም ቤት በሰላም ያደረሳት፣ የልጄን ስም እሱ ያውጣ" አለ። ይኼ ቀላል አደራ አይደለም። ስም እስከ መቃብር የሚጠሩበት ነው።

ቦራ ደግሞ ታማ ከርማለች። ሞተሯ እየሠራ፣ ከመሪው ፊት ያለው፣ ባትሪ የተሣለበት ቀይ መብራት አልጠፋ አለ። መካከለኛው ልጅ አምሳሉ ሾፌር ነውና፣ "ሥዕሉ ባትሪ፣ በሽታውም ባትሪ" ብሎ አዲስ ገዝቶ አሰረላት። መብራቱ ወይ ፍንክች! እትዬ ማንጠግቦሽ፣ "ምን ያፈጥብኛል ይኼ!" ብለው ፕላስተር ለጠፉበትና ተገላገሉ። ሳምንት ሙሉ ገበያ ተመላለሱባት።

የምጡ ቀን ዝናቡ ከጧት ጀምሮ ይወርዳል። አምሳሉ መሪውን ያዘ፤ ትንሹ ወንድም ቢምረው ከጎኑ ተቀመጠ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ከኋላ የስለናትን ራስ ታቀፉ። ግማሽ መንገድ ላይ የዝናብ መጥረጊያው ይጎተት ጀመር፤ ጡሩምባውም ሰለለ። አምሳሉ ደነገጠና ታላቅየው ጥጋቡ ጋ ደወለ። ጥጋቡ ሩቅ ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው።

"መብራቱ በርቷል?" አለ ጥጋቡ።

"አይታይም።"

"ጠፍቶ ነው?"

"እማ ፕላስተር ለጥፋበት ነው።"

ጥጋቡ ለእናቱ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። "እማዬ፣ መኪናም ማከም ጀመርሽ?"

"ሥራህን ሥራ፣ አፈኛ!" አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ከኋላ።

ፕላስተሩ ተላጠ፤ መብራቱ አፍጦ ይጠብቃቸዋል። ጥጋቡ መኪናዋን አስቁሞ፣ ሞተሩ እንደተነሣ ክዳኑን አስከፍቶ፣ ስልኩን አስጠግተውለት አዳመጠ። "ባትሪው ጤነኛ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው የደከመው። ሳምንቱን ሙሉ የበላችሁት ያለውን ነው፤ አሁን ጥቂት ቀርታዋለች። መጥረጊያውን ዝጋ፣ ማራገቢያውን ዝጋ፣ ራዲዮውን ዝጋ። ሞተሩን ግን ምን ቢመጣ እንዳታጠፉ! አንዴ ከጠፋ አይነሣም።" ጥጋቡ ከወንበሩ አልተነሣም፤ የልብሱ ጫፍም አልረጠበም።

አምሳሉ መጥረጊያውን ዘጋ። መስታወቱ ውሃ ብቻ ሆነ። ራሱን በመስኮት አውጥቶ፣ ዝናቡ ዓይኑን እየገረፈው፣ በገደል አፋፍ አንድ ሰዓት ነዳ። ስለናት ስትጮህ፣ ሕፃን ሳለች ያባብልበት የነበረውን ዜማ ከዝናቡ በላይ እየጮኸ ያዜምላታል። "ድምፅህ ከምጡ ይብሳል" አለችው። እሱ ግን አላቋረጠም።

ከተማው መግቢያ፣ ዳገቱ ሥር፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ሟቹ አባታቸው ያወጡት ሕግ አለ፤ ድሮ ከበቅሎ ተወርዶ ይታለፍ እንደነበረው፣ ቦራም እዚያ ቆማ፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ይሳለማል። አምሳሉ ሊያልፍ ሲል እናቱ፣ "በምጥ ቀን ማርያምን ዘለህ? እስቲ እለፋት፣ ወንድ ከሆንክ!" አሉት። ቆመ። ሞተሩን ግን አላጠፋም፤ ሮጦ ወርዶ ደጁን ተሳለመ። ቦራ በማርያም ደጅ ስትንተከተክ እትዬ ማንጠግቦሽን አንገበገባቸው።

"ቢምረው፣ ይኼን ጩኸት ዝም አሰኝልኝ።"

ቢምረው የጥጋቡን ቃል ሰምቷል። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ እናቱን እንቢ ብሎ አያውቅም። ቁልፉን አዞረ።

አምሳሉ ተመልሶ ቢሞክር፣ ቀጭ ከማለት በቀር ምንም የለም። እንዳይገፉ ዳገቱና ጭቃው፤ የሚያልፍ መኪናም የለም። "ምን አደረግህ አንተ!" አለው። ቢምረው ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ጋቢውን አውልቆ እኅቱን ጠቀለላት፤ እንደ ሕፃን ታቀፋትና ግማሽ ሰዓት የሚያስኬደውን ዳገት በሩጫ ወጣው። ሁለት ጊዜ በጉልበቱ ተደፋ፤ እሷን ግን መሬት አላስነካትም።

ሴት ልጅ ተወለደች፤ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አዋላጇ፣ "ሩብ ሰዓት ብትዘገዩ አትተርፍም ነበር" አለች።

ጥጋቡ በአውቶቡስ ገስግሶ መጣ። ሕፃኗን ታቅፎ፣ "ባልነግራችሁ ኖሮ ገና መሀል መንገድ ትቀሩ ነበር" አለ። "እኔ ደግሞ ልጅ የለኝም፤ ለማንም ስም አውጥቼ አላውቅም።"

"አንተማ ተቀምጠህ ነው ያደረስካት!" አለ አምሳሉ፤ ዓይኑ አብጦ በርበሬ መስሏል። "ያን መስታወት በዓይኔ ነው የጠረግሁት።"

ቢምረው ጉልበቱ በፋሻ ታስሮ ጥግ ተቀምጧል። "ቁልፉን ያዞርኩት እኔ፤ ምን አፍ አለኝ?" አለ።

"እኔ አለኝ" አለች ስለናት። "ሲሮጥ ልቡ ጆሮዬ ሥር ነበር የሚመታው።"

እትዬ ማንጠግቦሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገው" አሉ። ይቅርታቸው ይችው ናት። ወዲያው፣ "ደግሞ ማርያምን ባንሳለም ኖሮ ልጅቷ በሕይወት ትመጣ እንደነበር ማን አየ?" ብለው አፋጠጧቸው።

ፍርዱ ለእሳቸው ተሰጠ፤ ለሁሉም ነገር መልስ የማያጡት ሴትዮ ግን ይኸው ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አቅቷቸዋል። ክርስትናዋ ደርሷል፤ ሕፃኗ እስካሁን "አንቺ" ነው የምትባለው።

የሰማችሁ ፍረዱ እንግዲህ፦ ከሩቅ በሽታውን ካወቀው፣ ዓይኑን ለዝናብ ሰጥቶ ከነዳው፣ ለእናቱ ታዝዞ አበላሽቶ በክንዱ ካደረሳት፣ ይህችን ልጅ ስም ሊሰጣት የሚገባው የትኛው ነው?