እስሩና መጥረቢያው

በጣሊያን ጊዜ ነው። አንድ የፋሺስት ሹም ገበያተኛውን ሰብስቦ በአስተርጓሚ ይደሰኩራል። ባርኔጣው ላይ ያለውን ምልክት፣ ከመጥረቢያ ጋር አንድ ላይ የታሰሩ በትሮችን፣ እያሳየ «ለየብቻ ትሰበራላችሁ፤ ፋሺዝም እንዲህ ሲያስራችሁ ግን ማንም አይሰብራችሁም» አለ።

ነገር የማይጠፋት አንዲት እንጨት ሻጭ ሳቅ አመለጣት።

ሹሙ አያት። «አንቺ፣ ምን ገብቶሽ ነው የምትስቂው? እስቲ አስረጂን፤ ካልገባሽ ጅራፉ ያስረዳሻል።»

ሸክሟን ከጀርባዋ አወረደች። «ጌታው፣ ሠላሳ ዓመት እንጨት እየቆረጥኩ ሳስር ኖሬያለሁ። እውነትዎን ነው፣ የታሰረ እንጨት በቀላሉ አይሰበርም። ግን ሲመሽ መጥረቢያው ከእኔ ጋር ቤቱ ይገባል፤ እሳት የሚገባው የታሰረው ነው።»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ሹሙ ዞረ።

«ጌታዬ፣ በደንብ ገብቷታል» አለው።